ደጃችን ላይ የታሰረችው የውሰት ላም

ላሟ የእኛ አልነበረችም። ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ቀይ ቦቃ ላም ናት፤ የጎረቤታችን። ጎረቤታችን ከእናቴ አምስት ዓመት ያህል የሚበልጡ፣ ወላጅ የሌላቸው ሁለት የልጅ ልጆች የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። እናቴም እኔም እትዬ ነው የምንላቸው። ቤታቸውን ከቤታችን የሚለየው አንድ የቅንጭብ አጥር ብቻ ነው። ያን ቀን ጠዋት ላሟን እየሳቡ በአጥሩ ክፍተት አሻገሩና ደጃችን ካለው ጉቶ ላይ አሰሯት።

«ባዶ ደጅ ለእንግዳ ያስጠላል» አሉና ተመለሱ።

እንግዶቹ ከከተማ መጥተው ቤት ለቤት የሚያዩ ሰዎች ናቸው ተብሎ ከቀበሌ ተነግሮ ነበር። ምን እንደሚያዩ ግን በትክክል የገባው ሰው አልነበረም። ገሚሱ የመሬት ልኬት ነው አለ። ገሚሱ ደግሞ ለድሃ ገንዘብ ሊያድሉ ነው አለ፤ ይህን ያመነ ጥቂት ነው። ሳያሠራ፣ ሳያበድር፣ ስንዴ ሳይሰፍር ጥሬ ብር የሚሰጥ ማን አለ? እናቴ ከወሬው ሁሉ የያዘችው አንድ ነገር ነበር፤ እንግዳ ይመጣል።

እኔ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። የውሃ መሳቢያ ሞተር እጠግናለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ የለም፤ አንድ የተጣለ ሞተር ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ እንደገና ፈትቼ ነው የለመድሁት። መንደራችን ከከተማው በስተምዕራብ፣ ኀይቁ ዳር ነው፤ በባጃጅ ሄዶ የቀረውን በእግር ነው። በዚያ ሰሞን ቅዳሜ ማታ ስደርስ እናቴን ያገኘኋት የቤቱን ግድግዳ በጭቃና በእበት ስትለቀልቅ ነው። የጣሪያው ግማሽ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ሣር ነው፤ የሣሩ በኩል ያፈስሳል። እሱን ልትሸፍነው ስለማትችል ከሥሩ ያለውን ግድግዳ አሳምራ ለቀለቀችው።

በማግስቱ ከእድሩ ቤት ሁለት የፕላስቲክ ወንበር እንዳመጣ ላከችኝ። ከሁለቱ አንዱን አውቀዋለሁ። እግሩ ተሰንጥቆ ነበርና አምና ከተቃጠለ ሞተር ባወጣሁት የመዳብ ሽቦ ዘጠኝ ጊዜ ወግቼ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ከቄሱ ቤት ደግሞ የአልጋ ልብስ መጣ። ሰኞ ጠዋት በመጨረሻ ላሟ መጣች። ቤታችንን ከውጭ ቆሜ ሳየው የሌላ ሰው ቤት መሰለኝ፤ ደስም አለኝ።

የመጣችው መዝጋቢ ታብሌት የያዘች ትሑት ወጣት ነበረች። ሽቦ ያለበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ስንት እንደሆንን ጠየቀች፤ እናቴ፣ እኔና ስምንተኛ ክፍል የምትማር እህቴ መሆናችንን፣ አባታችን ከሞተ አምስት ዓመት እንዳለፈው ተነገራት። ከዚያ በጣቷ ወደ ደጅ አመለከተች።

«ላሟ የእናንተ ናት?»

«እግዜር ይመስገን» አለች እናቴ።

ልጅቷ ጻፈች።

«በቀን ስንት ጊዜ ትበላላችሁ?»

«እሱ የሰጠንን።»

«ባለፈው ወር ሳትበሉ የዋላችሁበት ቀን ነበር?»

እናቴ ሣቀች። «ልጄ፣ ሁዳዴ አይደለም እንዴ? ማን ይበላል?»

ልጅቷም አብራ ሣቀችና ጻፈች። አልጋውንና ወንበሮቹን ፎቶ አነሳች። እናቴ ከጠርሙሱ ሥር የቀረችውን ዘይት ሽሮው ላይ አንጠፍጥፋ አቀረበችላት፤ አልበላም ብትል በሞቴ ተብላ ሁለት ጉርሻ ያህል ቀመሰች። እኔ ይህ ሁሉ ሲሆን በሩ ሥር ቆሜያለሁ። የሞተር ቫልቭ የፀጉር ያህል ቢዛነፍ የማላልፍ ሰው፣ ያን ቀን አንድም ቃል አላረምሁም። የእናትን ገበና በእንግዳ ፊት መግለጥ ከመዋሸት የከፋ መስሎኝ ነበር።

ልጅቷ በአጥሩ ክፍተት ወደ እትዬ ቤት ስትሻገር እናቴ በእፎይታ ተቀመጠች። እንግዳው በክብር ተሸኝቷል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለው ሾላ ሥር ተጠራን። መዝጋቢዋ ቆማ አስረዳች። ለተመረጡ ቤተሰቦች ለአንድ ዓመት በየወሩ ብር በስልካቸው ይላካል። ብድር አይደለም። ምን ገዛችሁበት ብሎ የሚጠይቅም የለም። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«ልጄ፣ ኋላ ምን ትወስዱብናላችሁ?»

«ምንም፣ አባቴ።»

«ምንም የሚባለውን ነገር እኔ እስካሁን አላየሁትም» ብለው ተቀመጡ።

ስም ተነበበ። የእትዬ ስም አለ። የእናቴ ስም የለም። ቅሬታ ያለው በሚቀጥለው እሑድ እንዲናገር፣ የማይገባው ሰው ተመዝግቦም ከሆነ እንዲጠቆም ተባለ። ሰው ሲበተን ወደ መዝጋቢዋ ቀርቤ ቀስ ብዬ ጠየቅኋት። ታብሌቷን ከፈተች። ላም አላችሁ፣ የቤት ዕቃ አላችሁ፣ ምግብ አልጎደለባችሁም አለችኝ። አጠገባችሁ ያሉት ሴትዮ ግን የሙት ልጆች ይዘው አንድ ከብት እንኳ የላቸውም አለች።

እናቴ ያጣችው ምን እንደሆነ መናገር አለብኝ። ኀይቁ ሲሸሽ የምናርሰው መሬት በዚያ ዓመት ውሃው ሳይለቀው ከርሞ ሳይዘራ ቀርቷል። የቀረውን ማሳ በሬ ስለሌለን ለእኩል ሰጥተን ከዳጉሳው የደረሰን ግማሹ ነው። የእኔ ሥራም ነዳጅ በመጥፋቱ ቀዝቅዟል፤ የቆመ ሞተር አይሰበርም፣ ያልተሰበረውን ደግሞ ማንም አያስጠግንም። በዚህ መካከል ባሕር ዳር የምትኖር የአባቴ ዘመድ ለእህቴ የቤት ሠራተኝነት አገኘችላት። ትምህርት ቤቱ በመካከል ተዘግቶ ስለነበር እህቴ ዕድሜዋ ከክፍሏ ይበልጣል። እናቴ፣ ሚኒስትሪ ትፈተንና ትሄዳለች ብላ እሺ ብላ ነበር። ከዚያ ወዲህ እህቴ ማጥናቷን አልተወችም፤ ጮክ ብላ ማንበብ ግን ተወች።

ያን እሑድ ከሰዓት ለእናቴ ሁሉን ነገርኋት። ላሟ የእኛ አይደለችም ብለሽ ተናገሪ አልኋት። ዳጉሳ እያበጠረች ነበር፤ እጇን አላቆመችም።

«የማን ናት ልበል?»

መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን።

«የእኔን ስም ለማስጻፍ የእሳቸውን ላስፍቅ? ላሟን ያመጡት ለእኔው ክብር ብለው ነው።»

እኔ እናገራለሁ አልኋት። ያን ጊዜ ሰፌዱን አስቀመጠችው።

«በሞቴ። ስለ ላሟ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ።»

ሳምንቱን ባሕር ዳር ሆኜ የምፈታው ብሎን ሁሉ ነገሩን አስታወሰኝ። ማን ዋሸ? እናቴ ላሟ የእኔ ናት አላለችም። እትዬም እንዲጎዱን አላሰቡም። ተመስገን ማለትም ሐሰት አይደለም። እያንዳንዱ ብሎን በቦታው ሆኖ ሞተሩ የማይነሳበት ጊዜ አለ፤ እንደዚያ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ሾላው ሥር የነበረው ሰው ካለፈው ይበልጣል። የእድሩ ዳኛ ነበሩ የሚመሩት። ቅሬታ ያለው ይናገር አሉ፤ ማንም አልተነሳም። በሰው ላይ ጣት መቀሰር ነውር ነው። መጨረሻ ላይ አንዱ ጎልማሳ አጠገቡ የተቀመጠውን ጓደኛውን ነካ አደረገው።

«አንተ፣ በሬ የለኝም ብለህ ተመዘገብህ አሉ?»

«የለኝማ።»

«ታዲያ ትናንት ከጓሮህ ያገሣው ማን ነው፣ ሚስትህ ናት?»

ሚስትየው ከሴቶቹ መካከል፣ «እኔማ ባገሣ በተሻለኝ፤ ሣር እንኳ ታቀርብልኝ ነበር» አለች።

ሾላው ሥር ሣቅ ሆነ። ሣቁ ሳይበርድ እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። ሊቀልዱ የተነሱ መስሎኝ ነበር።

«በዚያ ቤት ደጅ የታየችው ላም የእኔ ናት» አሉ።

ሣቁ ቆመ። እናቴ አንገቷን ደፋች።

«አስሬያት የሄድሁት እኔ ነኝ። ይህች ልጅ ደግሞ እኔ ቤት መጥታ ከብት አለዎት ወይ ስትለኝ፣ ደጁ ይኸው ነው አልኋት። ላሜ ጎረቤት ናት ብል የጎረቤቴን ገበና መግለጤ ነው። ዝም ያልሁት ለእሷ ብዬ ነበር። ዝምታዬ ግን ለእኔ እንጀራ ሆነ። ይህ አይሆንም።»

ዳኛው፣ «እትዬ፣ ስምዎ እንደሚፋቅ ያውቃሉ?» አሏቸው።

«ፊደል ባላውቅም መፋቅን አውቃለሁ።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። የልጅ ልጆቻቸው ሁለቱም እግራቸው ሥር ተቀምጠው ነበር፤ ትንሹ የነጠላቸውን ጥለት ይዟል። የዓመት እህላቸውን በአንድ ዐረፍተ ነገር አሳልፈው ሰጡና ቦታቸው ላይ፣ ልክ ቀድሞ የተቀመጡበት ድንጋይ ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በዓይኔ ፊት እንዲህ ያለ ነገር ሲደረግ አላየሁም።

ከዚያ እናቴ ተነሳች። በሕዝብ መካከል ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

«የእሳቸው ስም የሚፋቅ ከሆነ የእኔ አይጻፍ» አለች መጀመሪያ። ቀጥላ ወደ መዝጋቢዋ ዞረች። «ሁዳዴ አይደለም፣ ልጄ። ሁዳዴ ሳይገባም፣ ከጥር ጀምሮ በቀን አንዴ ነው የምንበላው። ሴት ልጄን ሰው ቤት ልሰድዳት ነው።»

ይህን እኔም አላውቅም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ስመጣ ሁልጊዜ እራት ቀርቦ ነው የማገኘው። ለካ ያ እራት የሚቀርበው ከሌሎቹ ቀኖች እራት ተቀንሶ ነው።

መዝጋቢዋ ታብሌቷን ታገላብጣለች። ከአንዱ ቤት ፎቶ ወደ ሌላው ታልፋለች። ቆመችና አንዱን አስፍታ አየች፤ ወደ ኋላ ተመልሳ ሌላውን አሰፋች። «ይህ ወንበር...» አለች ለራሷ። ትከሻዋ ላይ ተንጠራርቼ አየሁ። የወንበሩ እግር በሽቦ የተሰፋ ነው። ቆጠርሁት፤ ዘጠኝ ስፌት። ቀጣዩ ቤትም ዘጠኝ ስፌት። ስለ ላሟ እንዳልናገር በሞቴ ተብያለሁ፤ ስለ ወንበሩ ግን አልተባልሁም።

«ሽቦውን የሰፋሁት እኔ ነኝ» አልሁ። «ወንበሮቹ የእድሩ ናቸው።»

መዝጋቢዋ ቆጠረች። ሁለቱ ወንበሮች በአሥራ አራት ቤት ተቀምጠዋል። ከእኛ ቤት እንደወጣች ወንበሮቹን ከኋላ በር ወስጄ ከጓሯችን ላለው ጎረቤት በአጥር ላይ ማቀበሌን አስታወስሁ፤ እነሱም ለቀጣዩ እንዳቀበሉ ግን አላሰብሁም። መንደሩ ሁሉ በጓሮ በጓሮ ልጅቷን እየቀደመ ሲያስቀምጣት ውሏል።

አንዲት ሴት ተነስታ አልጋ ልብሱ የቄሱ ነው አለች። ቄሱ ሦስት ቤት ካየሁት ወዲህ ጠፍቶብኛል፣ ማን ዘንድ ነው ያለው ብለው ጠየቁ። ሌላው በጎቹ የአማቴ ናቸው አለ። በሬ የለኝም ያለው ሰው፣ እንግዲያስ የእኔም በሬ የእኔ ነው አለ። ሰዉ ከሣቁ የተነሳ እንባውን በነጠላው ይጠርጋል፤ የአንዳንዱ እንባ ግን ሣቁ ካለቀ በኋላም አልቆመም። ሰዉ ስለ ድህነቱ ጮክ ብሎ፣ አንዱ ሌላውን እየሰማ ሲናገር ስሰማ ያ ቀን የመጀመሪያዬ ነው። እናቴ እንኳ ቀና ብላ ትሰማ ነበር።

ምዝገባው ፈርሶ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ተካሄደ። መዝጋቢዎቹ ሳይነገር መጡ፤ ቤቶቹ እንዳሉ ጠበቋቸው። በሁለተኛው ዝርዝር የእናቴ ስም አለ። የእትዬ ስም የለም። እናቴ አይጻፍ ያለችውን ደግማ ለማለት ስትነሳ እትዬ ቀሚሷን ይዘው አስቀመጧት፤ ምን እንዳሏት አልሰማሁም። ሲመለሱ መንገድ ላይ፣ ላም ያለው ደሃ አይባልም አሉ እኮ፣ እንኳን ደስ አላችሁ በሉኝ እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ግንቦት ላይ ብሩ ገባ። ከቤት ነበርሁ። የእናቴ ስልክ ጮኸና መልእክቱን አነበብሁላት። የብሩን መጠን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

«ማን ነው የላከው?»

«ድርጅቱ።»

«ሰውየው ማን ነው?»

ሰውየው አይታወቅም አልኋት። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች። ከዚያ፣ «ምን ብለን እንጻፍላቸው?» አለችኝ። መልስ አይቀበልም፣ መልእክቱ ከማሽን ነው የሚመጣው አልኋት። ይህ ከብሩ ይልቅ ከበዳት። ሰጥቶ ምስጋና የማይቀበል ምን ዓይነት ሰው ነው? ወደ ኀይቁ በኩል፣ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ወደቆመበት ዞረች። የማላውቀው ሰው ከማላውቀው ቦታ፣ እናቴን ሳያያት አምኗት ነበር።

እናቴ በዚያ ብር ያደረገችውን በቅርብ ተከታትያለሁ። ሁልጊዜ ክረምት ላይ በቆሎ የምንገዛው በጣሳ በጣሳ፣ በተወደደበት ሰዓት ነው። በዚያ ዓመት ግንቦት ሳይወጣ፣ ገና ሳይወደድ አንድ ሙሉ ኩንታል አስገባች። ሰኔ ላይ እህቴ ተፈተነች፤ አለፈች። ከዚያ በኋላ የገባውን ሁለት ወር ሙሉ እናቴ አልነካችውም። ነሐሴ ላይ ገበያ ሄዳ ሁለት እንስት በጎች ይዛ መጣች፤ ይዛ የገባችው ግን ወደ እኛ ደጅ አይደለም።

እትዬ ብር ቢሰጧቸው እንደማይቀበሉ ታውቃለች። ስለዚህ ለርቢ ነው የሰጠቻቸው፤ በጎቹ የእናቴ፣ ማርባቱ የእትዬ፣ የሚወለደው ለሁለቱ። እትዬ በጎቹን ዞረው ዞረው አዩ። የበጎቹንም ጥርስ ገልጠው አዩ።

«ይህቺን ከሲታ ስንት ብለው አታለሉሽ?»

«እርስዎ ያወፍሯታል ብዬ ነው።»

«የመጀመሪያው ግልገል የእኔ ከሆነ ነው።»

«የመጀመሪያውማ የእኔ ነበር፣ እትዬ፤ ልማዱ እንደዚያ ነው።»

«እንግዲያስ ውሰጃቸው።»

ተከራከሩ፤ እናቴ የተረታች መስላ ተስማማች። ቤት ስትገባ ፊቷን አየሁት። ከመጀመሪያውም የመጀመሪያውን ግልገል ለእሳቸው አስባ ነበር።

ጳጉሜን ላይ ዘመዳችን ከባሕር ዳር መጣች። እህቴን ልትወስድ ነው። አዲስ ሻርፕ ይዛላታለች። ቡና ይፈላልሽ ብትባል ባጃጁ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው አለች።

«ልጅቷ ተዘጋጅታለች?»

«አትሄድም» አለች እናቴ።

ቀጥሎ የሚመጣውን ጠበቅሁ፤ እግዜር ካለ፣ እስቲ እናያለን፣ ለጊዜው፣ ከእነዚህ አንዱን። አልመጣም።

«ቃል ገብተሽልኝ የለም ወይ?»

«ገብቼ ነበር። ያን ጊዜ ቸግሮኝ ነው። አሁን ዘጠነኛ ትገባለች።»

«ያ ብር ለአንድ ዓመት ነው አሉ። ሲያልቅስ?»

«ሲያልቅ ያልቃል» አለች እናቴ። «ዘጠነኛን ከተማረች ግን ማንም መልሶ ስምንተኛ አያደርጋትም።»

ዘመዳችን ሻርፑን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የተቀየመች መስሎኝ ልሸኛት ወጣሁ። እስከ ባጃጁ ድረስ አብረን ሄድን። እሷም በሰው ቤት ልብስ አጣቢ ናት፤ የእጇ ቆዳ በሳሙና ተሰነጣጥቋል። ባጃጁ ጋ ስንደርስ ቆመችና ሰው እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«እኛ ሰፈርስ አይጽፉም?»

አላውቅም አልኋት፤ አላውቅምና። ራሷን ነቀነቀች። ከገባች በኋላ ቦርሳዋን ከፈተችና ሻርፑን አውጥታ በባጃጁ ጎን አቀበለችኝ።

«እንካ፣ ለትምህርት ቤት ትልበሰው።»